በዱባ የቀናችው ሉባባ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ በዱባ ስለቀናች ልጅ ነው።

በዱባ ይቀናል እንዴ? አትሳቁ! መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ትፈርዳላችሁ።

ልጅቷ ሉባባ ትባላለች። አምስት ዓመቷ ነው። ቤቷ ደሴ ነው፣ ዳገቱ ላይ። ከደጃፉ ቆመው ቁልቁል ሲያዩት መንገዱ ሸርተቴ ይመስላል።

የሉባባ እናት አንቀልባ ትሠራለች። አንቀልባ ታውቃላችሁ? እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ የምታዝልበት የቆዳ ማዘያ ነው።

የእሷ አንቀልባ ግን እንዲሁ አንቀልባ ብቻ አይደለም። ቆዳውን በኑግ ዘይት ታሸዋለች፣ ታሸዋለች፣ እንደ ጆሮ ጫፍ እስኪለሰልስ ድረስ።

ሕፃኑ ጉንጩን የሚያሳርፍበትን ጨርቅ በእርድ ቢጫ ታደርገዋለች። ዳር ዳሩን ደግሞ ነጫጭ ዛጎል ትደረድርበታለች።

አንቀልባው ሲነቃነቅ ዛጎሎቹ ወሬ ይጀምራሉ። ቅጭል! ቅጭል! ቅጭል!

ከእናቷ እጅ የሚጣል ነገር የለም። ቁራጭ ቆዳ የልጅ ጫማ ይሆናል። ቁራጭ ጨርቅ ኳስ ይሆናል።

ከቁራጭ የተረፈ ቁራጭ ደግሞ የሉባባ አሻንጉሊት ሆኗል። አንድ ዓይኗ ሰማያዊ ጨሌ ነው፣ አንድ ዓይኗ ቀይ። ስሟ ብጣሽ ነው።

ጫማ አላት። ኳስ አላት። ብጣሽ አለቻት። ታዲያ ሉባባ ምን ጎደላት?

ጀርባ! የእናቷ ጀርባ ጎደላት።

ድሮ፣ ሉባባ ትንሽ ሳለች፣ ያ ጀርባ የእሷ ነበር። ጆሮዋን ስትለጥፍበት የእናቷ ልብ ይሰማታል። ድም፣ ድም፣ ድም።

እናቷ ስታወራ ድምጿ በአፏ ሳይሆን በጀርባዋ በኩል ይመጣል። ወፍራም ነው፣ ሞቃት ነው። እዚያ ሆና የምትሰማው ሉባባ ብቻ ነበረች።

ከዚያ አንዋር ተወለደ። አንዋር ወንድሟ ነው። ጥርስ የለውም፣ ፀጉር የለውም፣ የእናቷ ጀርባ ግን አለው!

እናቷ ወስፌዋን ይዛ ስትሰፋ አንዋር ጀርባዋ ላይ ነው። ገበያ ስትወርድ አንዋር ጀርባዋ ላይ ነው። ከጎረቤት ጋር ቆማ ስትስቅም አንዋር ጀርባዋ ላይ ነው።

ሉባባ በአንዋር አልቀናችም። እሱ መሄድ አይችልም፣ ምን ያድርግ? ደግሞም ሲስቅ ድዱ ያምራል።

የቀናችው በዱባው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ አንድ ሕግ አላት። አዲስ አንቀልባ ስትጨርስ፣ ሳታዝልበት ለሰው አትሰጥም።

«የሰው ልጅ የሚታመንበት አንቀልባ መጀመሪያ በእኔ ጀርባ ይፈተን» ትላለች።

የሚፈተነው በምን መሰላችሁ? በዱባ! ትልቅ፣ ድብልብል፣ ቦርጫም ዱባ።

አንዋር ሲተኛ እናቷ ዱባውን አንቀልባው ውስጥ ታስገባለች። «ቢስሚላህ!» ትልና ወደ ጀርባዋ ታዞረዋለች። ማንገቻውን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች።

ከዚያ ግቢው ውስጥ ያለውን የኮክ ዛፍ ትዞራለች። አንድ ዙር! ሁለት ዙር! ሦስት ዙር! ቅጭል! ቅጭል! ቅጭል!

ልማድ ሆኖባት ዱባውን እሹሩሩ ትለዋለች። መቀመጫውንም መታ መታ ታደርገዋለች። ዱባ መቀመጫ አለው እንዴ?

ሉባባ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ዱባው እናቷ ጀርባ ላይ ነው። እሷ መሬት ላይ ናት።

ሉባባ ሆዷ ባባ።

አንድ ቀን ቀስ ብላ ወደ እናቷ ተጠጋች። «እማዬ፣ እዘይኝ!» አለች።

«አንቺማ ትልቅ ልጅ ነሽ!» አለች እናቷ። ጉንጯን ሳመቻትና ወስፌዋን አነሳች።

መሳም ጥሩ ነው። ግን መታዘል አይደለም። ሉባባ ሆዷ ባባ።

በማግስቱ መላ ዘየደች። እያነከሰች መጣች። «እህ! እህ! እግሬን አመመኝ። እማዬ፣ እዘይኝ!»

«እኔን! የትኛው እግርሽ ነው?»

«ይሄ» አለች ሉባባ፣ ቀኙን እያሳየች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ረሳችው። በግራው አነከሰች።

«ይሄ ሕመም እግር ይቀያይራል እንዴ?» ብላ ሳቀች እናቷ። «አንቺማ ትልቅ ልጅ ነሽ! ሂጂ ተጫወቺ።»

መጫወት ጥሩ ነው። ግን መታዘል አይደለም። ሉባባ ሆዷ ባባ።

በሦስተኛው ቀን ሉባባ የእናቷን ሻሽ አመጣች። ብጣሽን ጀርባዋ ላይ አስቀመጠች። «ቢስሚላህ!» አለችና ጥብቅ አድርጋ አሰረቻት።

የኮክ ዛፉን ዞረች። አንድ ዙር! ሁለት ዙር! ሦስት ዙር! ዛጎል ስለሌላት በአፏ «ቅጭል! ቅጭል!» አለች።

«ደስ አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ብጣሽ ደስ ብሏት ነበር፣ ያስታውቃል።

ሉባባን ግን ማን አዘላት? ማንም። ሉባባ ሆዷ ባባ።

በአራተኛው ቀን እናቷ አዲስ አንቀልባ ጨረሰች። ምን ዓይነት አንቀልባ! ዛጎሉ ሦስት ረድፍ ነው። ጨርቁ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው።

«ዛሬ ከሰዓት እትዬ ደብሪቱ ከኩታበር መጥታ ትወስደዋለች» አለች እናቷ። «አንዋርን ላስተኛውና ዱባውን አዝልበታለሁ።»

«ዱባውን! ዱባውን! ሁልጊዜ ዱባውን!» አለች ሉባባ በሆዷ።

ዱባው ጥግ ላይ ተጎልቷል። ቦርጩን ነፍቶ የሚስቅባት መሰላት።

ዱባው ባይኖርስ? ዱባው ባይኖር እማዬ ማንን ታዝላለች?

እናቷ አንዋርን ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ ሉባባ ዱባውን አቀፈችው። እህህህ! ምን በልቶ ነው እንዲህ የከበደው?

አልጋ ሥር እንዳትደብቀው እናቷ እዚያ ናት። ስለዚህ እያንገዳገዳት ወደ ውጭ ወጣች። በሩን አለፈች። አጥሩን አለፈች።

መንገዱ ላይ ስትደርስ እጇ ዛለ። ዱባው አመለጠ!

ድብል! ድብል! ድብል!

«ቁም! አንተ ዱባ፣ ቁም!» እያለች ሮጠች። ዱባ ይሰማል እንዴ?

የሱቁን በር አለፈ። ድብል! የቧንቧውን ወረፋ አለፈ። ድብል! አንድ የተኛ ውሻ ብድግ ብሎ መንገድ ለቀቀለት። ድብል! ድብል!

ከታች ትልቅ ድንጋይ አለ። እዚያ ሲደርስ፣ ቧ!

ዱባው አራት ቦታ ተከፈለ። የጎረቤት ፍየል ከየት መጣች ሳትባል ከተፍ አለች። ክርሽም! ክርሽም! ክርሽም!

ሉባባ ክው አለች። ልትደብቀው እንጂ ልትሰብረው አላሰበችም። ለፍየል ምሳ ልትሰጠውማ ጭራሽ አላሰበችም።

እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ ቤት ሮጠች። በሩ አጠገብ ተቀመጠችና ብጣሽን ዓይኗ ላይ አደረገች። ዓይኗን ከሸፈነች ማንም የማያያት መስሏት ነው።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ?» እትዬ ደብሪቱ ናት። ትንሽዬ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋለች። ልጁ ኡዋ! ኡዋ! ይላል።

«አንቀልባዬ ደረሰልኝ?» አለች። «ይሄ ልጅ ከክንዴ አልወርድ ብሎ ገደለኝ። መኪናውም ሊሄድብኝ ነው።»

«ደርሷል፣ እህቴ። አረፍ በይ እስኪ። አንዴ ላዝልበትና ትወስጂዋለሽ» አለች የሉባባ እናት። ወደ ዱባው ጥግ ዞረች። ጥጉ ባዶ ነው።

«ዱባዬ የት ገባ?» ከአልጋ ሥር አየች። ከበርሜሉ ኋላ አየች። «ኧረ ዱባዬ የት ገባ? እግር አወጣ እንዴ?»

ሉባባ ብጣሽን ዓይኗ ላይ ይበልጥ ተጫነቻት።

እናቷ ውሃ የሞላ ጀሪካን አመጣች። «ቢስሚላህ!» ብላ አዘለችው። ቦጭ! ቦጭ! አለ። የጀሪካኑ ጠርዝ ወገቧን ወጋት። «ኤዲያ! ልጅ እንዲህ አይዋጋም!» ብላ አወረደችው።

የዱቄት ከረጢት አመጣች። «ቢስሚላህ!» ቡን! ቤቱ ነጭ ሆነ። እናቷ ነጭ ሆነች። እትዬ ደብሪቱም ነጭ ሆነች። ሕፃኑ እጥሽ! አለ።

«ተዪው በቃ፣ እንዲሁ ስጪኝ» አለች እትዬ ደብሪቱ፣ ዱቄቱን እያራገፈች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ እህቴ! መንገድ ላይ ማንገቻው ቢፈታ ምን ልትሆኚ ነው? ሳላዝልበት አልሰጥም።»

ሕፃኑ ኡዋ! ኡዋ! አለ። እትዬ ደብሪቱ ከቀኝ ክንዷ ወደ ግራ ክንዷ አዞረችው። ከግራ ወደ ቀኝ መለሰችው። ክንዷ ይንቀጠቀጣል።

ሉባባ በብጣሽ ጎን አጮልቃ አየች። ልጁ ጀርባ ፈልጎ ነው የሚያለቅሰው። ይሄን ከሉባባ በላይ ማን ያውቃል?

ብጣሽን ከዓይኗ ላይ አነሳቻት። ብድግ አለች።

«እማዬ» አለች በቀጭን ድምፅ። «ዱባውን እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

«ልደብቀው ብዬ ነው። አመለጠኝ። ቁልቁል ሄደ። ቧ! አለ። ፍየሏ በላችው።»

«ዱባ ለምን ይደበቃል፣ ልጄ? ምን አደረገሽ?»

«ታዝይዋለሽ!» አለች ሉባባ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እኔን ትልቅ ልጅ ነሽ ትይኛለሽ። ዱባውም ትልቅ ነው! እሱን ግን ታዝይዋለሽ። እሹሩሩም ትይዋለሽ።»

እናቷ መጀመሪያ ልትስቅ ነበር። የሉባባን ፊት ስታይ ግን ሳቁ ከከንፈሯ ላይ ጠፋ።

አልተቆጣችም። አዲሱን አንቀልባ አነሳች። ተንበረከከችና ጀርባዋን ለሉባባ ሰጠች።

«ነይ» አለች። «ዛሬ የሚያስፈልገኝ ትልቅ ልጅ ነው። ትልቅ ልጅ የቻለ አንቀልባ ትንሽ ልጅ አያቅተውም።»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ! ሌላ ትልቅ ልጅ እዚህ ማን አለ?»

ሉባባ ጀርባዋ ላይ ወጣች። «ቢስሚላህ!» እናቷ እጇን መሬት ላይ ተደግፋ ብድግ አለች። «ኧረ ጉድ! ካንቺ ጋር ሲተያይ ያ ዱባ ሕፃን ነበር!»

የሉባባ እግሮች በግራና በቀኝ ተንጠለጠሉ። ማንገቻው ተወጠረ። ግን አልተፈታም። እትዬ ደብሪቱም ተከትላቸው ወደ ኮክ ዛፉ ወጡ።

አንድ ዙር! ቅጭል! ቅጭል! ሉባባ ጆሮዋን ለጠፈች። ድም፣ ድም፣ ድም። እዚያው ነው! ማንም አልወሰደውም።

ሁለት ዙር! ቅጭል! ቅጭል! «ደህና ነሽ?» አለች እናቷ። ድምጿ በጀርባዋ በኩል መጣ፣ ወፍራም፣ ሞቃት። «እም» አለች ሉባባ።

ሦስት ዙር! ቅጭል! ቅጭል! ሉባባ ዓይኗን ጨፈነች። ሦስት ዙር እንዴት ቶሎ ያልቃል! ለናንተስ ትንሽ አይመስላችሁም?

ወራጅ መሆኗን አወቀች። እጆቿን ከእናቷ ትከሻ ላይ አነሳች።

እናቷ ግን አልቆመችም። አራት ዙር!

«እማዬ፣ ሕጉ እኮ ሦስት ነው» አለች ሉባባ።

አምስት ዙር!

«ኧረ አንቺ ሴት! እስካሁን አልተፈተነም?» አለች እትዬ ደብሪቱ።

«አንቀልባውስ ተፈትኗል» አለች እናቷ። «እኔ ነኝ ያልጠገብኩት። ናፍቃኝ ነበር።»

ሉባባ ይሄን በጀርባ በኩል ሰማችው።

«አንዋርን አዝዬ እንኳ አንድ ነገር የጎደለኝ ይመስለኝ ነበር» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «ለካ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ለካ አንቺ ነሽ የጎደልሽኝ።»

ሉባባ የምትናፍቀው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር። ለካ እናትም ልጇን ትናፍቃለች። እዚያው አንድ ቤት ውስጥ ሆነው እንኳ ትናፍቃለች።

ስድስት ዙር! ሉባባ እስከ መቶ ዙር ብትዞር ደስ ይላታል። እስከ ማታ፣ እስከ ነገ፣ እስከ ኢድ!

ግን ሕፃኑ ኡዋ! ኡዋ! አለ። ሉባባ ቀና ብላ አየችው።

«በቃ፣ እማዬ» አለች። «አውርጂኝ። እሱም ጀርባ ፈልጓል።»

እናቷ ተንበረከከች። ሉባባ ራሷ ወረደች። ጉንጯ ላይ የቀሚሱ ስፌት ምልክት ወጥቷል።

ትንሹን ልጅ አንቀልባው ውስጥ አስገቡት። «ቢስሚላህ!» አሉ ሦስቱም በአንድ ላይ። እትዬ ደብሪቱ ወደ ጀርባዋ አዞረችው።

ኡዋ! ኡዋ! ኡ... እ... ዝም።

ልጁ ጆሮውን ለጥፏል። ዓይኑን ከፍቶ አንድ ነገር ያዳምጣል። ሉባባ በእግሯ ጣት ቆማ ተጠጋችው። «ሰማኸው?» አለችው በሹክሹክታ።

«እጆቼ ተመለሱልኝ!» አለች እትዬ ደብሪቱ፣ ሁለቱንም እያወዛወዘች። «እደጊ፣ የኔ እመቤት! በሚቀጥለው ስመጣ ዱባ ይዤላችሁ እመጣለሁ።»

«ትንሽ ዱባ ይሁን» አለች ሉባባ። ሁሉም ሳቁ።

እትዬ ደብሪቱ ቁልቁል ወረደች። ቅጭል! ቅጭል! እየራቀች ሄደች። ቅጭል... ቅጭል... ቅ...

ሉባባ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ደጃፉ ላይ ቆማ አዳመጠች። ያ ቢጫ አንቀልባ ሄደ። ሆዷ ትንሽ ባባ። እናቷ መጥታ እጇን ያዘቻትና አብረው ገቡ።

አመሻሽ ላይ ደሴን ጉም ሸፈናት። ራት ተበላ፣ እግር ታጠበ፣ መኝታ ሆነ።

እናቷ አንዋርን ልታጠባው በጎኗ ተኛች። ሉባባ ከኋላዋ ገብታ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች።

«እማዬ፣ ነገም ታዝይኛለሽ?»

«ነገ ወገቤን እንጠይቀዋለን» አለች እናቷ። «ዛሬስ ተቀይሞሻል።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ሉባባ፣ አንቺ እኮ እያደግሽ ነው። አንድ ቀን ላነሳሽ ብሞክርም አልችልም።»

ሉባባ ጣሪያውን አየች። ይሄ ከዱባም ከአንዋርም የባሰ ነው። ከማደግ ጋር ማን ይጣላል?

«ግን ስሚኝ» አለች እናቷ። «ማታ ማታ ፊቴ የአንዋር ነው፣ ወተቱ ያለው በዚያ በኩል ነዋ። ጀርባዬ ግን ማንም የለበትም። ይበርደዋል።»

«የኔ ይሁን?»

«የማን ሊሆን ነው? ያንቺ ነው።»

ሉባባ ተጠጋች። ጉልበቷን ለጠፈች። ሆዷን ለጠፈች። ጉንጯን ለጠፈች።

«ሲከብድሽ ትነግሪኛለሽ?» አለች፣ ድምጿ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለ።

እናቷ «እሺ» አለቻት። አንዋር ጠብቶ ጠግቦ ተኛ። ሉባባም ተኛች።

የእናቷ ክንድ ደነዘዘ፣ ወገቧም ዞር በዪ ዞር በዪ አላት። እሷ ግን እስኪነጋ አልተገላበጠችም።